ከየት በኩል ትመታለህ

በላይነሽ ውዱ የጌታሁንን ጌም ቤት ደፍ የረገጠች ዕለት ውስጥ የነበሩት ጎረምሶች ሁሉ ዝም አሉ። ሴት ስለገባች ብቻ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ቆቦ ላይ የሚያስወራ ነገር ነው። ዝም ያሉት የማን ልጅ መሆኗን ስለሚያውቁ ነው። ደጃፉ ላይ ባለች የፕላስቲክ ወንበር፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሚውሉት አቶ አያሌው የጌታሁን አባት ናቸው። የበላይነሽን አባት የገደሉት ደግሞ እኒሁ አቶ አያሌው ናቸው። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው።

ልጅቱ እንደ ሁልጊዜዋ ሽማግሌውን እንደ ግንድ አልፋቸው ገባች። ሰላምታ የለ፣ አንገት ሰበር ማድረግ የለ።

«አዲሱ ዱላ የሚሉት ጌም እዚህ ነው?» አለች።

«ነው» አለ ጌታሁን። 

«ልሞክረው።»

እስቲ አሁን ጌታሁን ባይጠረጥር ማን ይጠርጥር?

ነገሩ የጎርፍ ጣጣ ነው። የራያ ቆላ ሰው እህሉን የሚያበቅለው በሰማዩ ዝናብ ሳይሆን ከደጋው ተንደርድሮ በሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ግራር ቆርጦ፣ እሾህ ከምሮ፣ ውኃውን ወደ ማሳው የሚጠልፍ ጠልፎ ይጠጣል፤ ያልጠለፈ ዓመቱን ሙሉ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ተራ አለ፤ ተራ ባለበት ደግሞ ጠብ አለ። አንድ የነሐሴ ማለዳ ውዱና የአያሌው ቤት በተራ ተጣሉ፤ ውዱ አንገቱን በገጀራ ተመትቶ ወደቀ። አቶ አያሌው ያንኑ ቀን በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «እኔ ነኝ» አሉ። ወልድያ ታሰሩ፤ የታሰሩበትን ጨርሰው ወጡ። ደም ግን በእስር አይደርቅምና ዘወልዶቹ፣ የራያ ደም አድራቂ ሽማግሎች፣ ሁለቱን ቤት አስታረቁ። አቶ አያሌው በአደባባይ ድንጋይ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው «ማሩኝ» አሉ። የውዱ ወንዶች ማሩ። ከዚያ ዘወልዶቹ ያቺን ወንድም የሌላትን ትንሽ ልጅ፣ በላይነሽን፣ አምጥተው እጇን በአቶ አያሌው እጅ ላይ አኖሩት። «አባቷን አሳጥተሃታል፤ አባት ሁናት» አሉ።

አቶ አያሌውም ሆኑ። ዩኒፎርሟን ገዙ፤ በየዓመት በዓሉ ቀሚሷን ላኩ፤ ደሴ ሄዳ ነርስነት እስክትማር ድረስ ከራሳቸው ልጆች አፍ ነጥቀው አስተማሩ። ልጅቱ ተቀበለች፤ እናቷ ተቀበይ ስላለቻት። ከዚያች የዕርቅ ቀን በኋላ ግን የአቶ አያሌውን እጅ ነክታ አታውቅም። አሁን ጎብዬ ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ተቀጥራ ደመወዝተኛ ናት። ያስተማሯትን ሰውዬ ደጅ ላይ ስታገኛቸው ፊቷን ታዞራለች። የውዱ ታናሽ ወንድም፣ አጎቷ፣ በየጠላ ቤቱ «ታረቅን እንጂ ደሙስ ይጮሃል» እያለ እንደሚያወራ ጌታሁን ከአንዴም ሁለቴ ሰምቷል። የሰማ ደግሞ አይተኛም።

ወደ ጌሙ ልመለስ። የጌታሁን ቤት ቆሞ የሄደው «ብቸኛው» በሚሉት ጌም ነው። የተሰረቀ ምንጭ ፍለጋ አገር ላገር የሚዞር ባለ ሰይፍ መንገደኛ ታሪክ ነው። አንደኛው ክፍል ሲመጣ ጌታሁን ገና ተማሪ ነበር፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ የቆቦ ልጅ ሁሉ አብሮት አደገ። አገሩ፣ ጭራቁ፣ ዘበኛው ይለዋወጣል፤ ውጊያው ግን ያው ነበር። አንዷን ቁልፍ ስትጫን ብቸኛው ሰይፉን ይሰነዝራል፤ ደጋግመህ ስትጫን ደጋግሞ ይሰነዝራል። ጣትህ ከፈጠነ ጀግና ነህ። የባጃጅ ሾፌሩ ነጅሙዲን በዚያች ቁልፍ የቆቦ ንጉሥ ነበር። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሻዩን ሳያስቀምጥ፣ አንድ ሠራዊት ይፈጃል።

ስድስተኛው ክፍል ግን ሌላ ሆኖ መጣ። የላከው የጌታሁን ታላቅ ወንድም ገዛኸኝ ነው፤ ጅዳ ነው የሚሠራው። እዚያው ትንሽ ተጫውቶበት፣ እስከ ሦስተኛው ምሽግ ካደረሰው በኋላ ከነማሽኑ በሰው እጅ ላከው። ጆይስቲኩ ጆይስቲክ አይደለም፤ እንደ አጭር ዱላ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነው። አንተ ክንድህን ስትሰነዝር ብቸኛውም ቴሌቪዥኑ ውስጥ ይሰነዝራል። ከላይ ብትመታ ከላይ፣ ከጎን ብትመታ ከጎን። ዘበኞቹም ሞኝ አይደሉም፤ ጋሻቸውን በአንድ ጎን ይይዙና ክፍት በሆነው በሌላው ጎን ካልገባህ አይሞቱልህም። ለስለስ አድርገህ ከነካካሃቸው ደግሞ ይስቁብሃል።

«ለራያ ሰው ከጅዳ ዱላ መላክ ለቀባሪው ማርዳት ነው» ብሎ ነበር ነጅሙዲን ገና ሲያየው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ግን ላቡ በጀርባው ይወርድ ጀመር። «ወላሂ ይኼ ጨዋታ አይደለም፤ አጨዳ ነው! ቆይ ግን፣ ነገሩ ገብቶኛል። ድሮ ጥያቄው መቼ ትመታለህ ነበር። አሁን ከየት በኩል ትመታለህ ሆነ።» ያቺን አባባሉን ወደዳትና ባጃጁ ላይ ለተሳፈረ ሰው ሁሉ ይደጋግማት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሁሉንም አስገርሟቸዋል። ብቸኛው እስከ አምስተኛው ክፍል ድረስ ሰይፉን በቀኝ እጁ ነበር የሚይዘው፤ በዚህኛው በግራው ይዞ መጣ። «አርጅቷላ፤ ቀኙ ዛለ» አሉና ሳቁ። ጌታሁንም ካምፓኒው አዲስ ፋሽን ያወጣ መሰለው። ከመጀመሪያው እንጀምረው ያለ ሰውም አልነበረም፤ ገዛኸኝ ያደረሰውን ምሽግ ማን ያጣል? ካቆመበት ቀጠሉ።

በላይነሽ ያን ዕለት ዱላውን ተቀብላ እንደ ጀማሪ አልተደናበረችም። ምንጩን አልፈለገችም፤ በሩን አልከፈተችም፤ ዕቃ አልሰበሰበችም። አንድ ዘበኛ ፊት ሄዳ ቆመችና አንገቱን መምታት ጀመረች። አንገቱን ብቻ። መጀመሪያ ከቀኝ፣ ከዚያ ዱላውን በደረቷ ላይ አሻግራ ከግራ። ዘበኛው ሳቀባት። ደግማ ሰነዘረች፤ ደግሞ ሳቀ። ጥርሷን ነክሳ፣ የነርስ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ሰዓቷ እስኪያልቅ ስትሰነዝር ቆየችና ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። ስትወጣም አቶ አያሌውን አላለፈቻቸውም፤ ቆም አለች። ሽማግሌው ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን የያዘውን እጃቸውን አየችና ሄደች።

«አየሃት?» አለ ጌታሁን፣ ነጅሙዲንን ጎተት አድርጎ። «አባቴን እንዴት እንዳየችው አየህ?»

«አብሽር፤ ልጅቱ ጨዋ ናት። ከጎብዬ እኔው ነኝ የማመላልሳት። ስለ ጌሙም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለህ ነገርካት?»

«ያው የኔን ነገር። ድሮ መቼ ነበር፣ አሁን ከየት ነው ብዬ። ትንሽ ቆይታ 'እስቲ ድገመው' አለችኝ። ደገምኩት። ከዚያ ቆቦ እስክንገባ አንድ ቃል አልወጣትም።»

ይኼ ለጌታሁን ምኑ አብሽር ነው? በገበያው ቀን ደግማ መጣች፤ በሚቀጥለውም መጣች። ያው ዘበኛ፣ ያው አንገት። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ሊስቁባት ቃጥቷቸው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። አንዳንዴ አቁማ ትጠይቀዋለች፤ ጥያቄዎቿም ለሰሚው ደስ የሚሉ አይደሉም።

«አባትህ እጃቸውን ያማቸዋል?»

«አያማቸውም። ምነው?»

«ዱላቸውን ሁልጊዜ በቀኝ ነው የሚይዙት?»

«በምን ይያዙት ታዲያ?»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ወንድምህ ለጥምቀት ይመጣል አሉ፤ እውነት ነው?» አለችው።

እውነት ነበር። ገዛኸኝ ከስንት ዓመት በኋላ ሊመጣ፣ እናታቸውም ጌሾውን ወቅጣ ልትጠብቀው ነው። ጌታሁን ግን «አይመጣም፤ ሥራ አልለቀቁትም» ብሎ ዋሸ። ውሸቱ አፉ ውስጥ ሳለ አወቀችበት፤ ዓይኗ ላይ አየው።

ያን ቀን ሐሳቡ ሁሉ አንድ ላይ መጣለት። አባቱ ብርቱ የሆኑበትን እጅ ለይታለች። ወንድሙ የሚመጣበትን ቀን ትጠይቃለች። አንገት መምታት ትለማመዳለች። በራሷ እጅ ባታደርገው እንኳ አጎቷ ልኳት ነው፤ ሴት ናት ተብላ ማንም እንደማይጠረጥራት ያውቃል። አባቱ የዕርቁ ቀን «ማሩኝ» ሲሉ የተንቀጠቀጠ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ። ያን ሁሉ ውርደት የጠጡት ልጆቻቸው በሰላም ወጥተው እንዲገቡ ነበር። አሁን ደሙ ከተቀሰቀሰ መጀመሪያ አባቱ፣ ቀጥሎ ወንድሙ፣ ሦስተኛ እሱ ራሱ ነው። ጌታሁን ፈራ። ፍርሃቱን ደግሞ ለማንም ማሳየት አይችልም፤ ራያ ውስጥ ፈሪ መባል ከሞት አይሻልም።

ማታ እራት ላይ ለአባቱ አወጣው። «አባ፣ ከነገ ጀምሮ ደጃፉ ላይ አትቀመጡ።»

«ለምን?»

«ያቺ የውዱ ልጅ አካሄዷ አላማረኝም።»

አቶ አያሌው ፈገግ አሉ። «እሷ ልጄ ናት፤ በዘወልድ የተሰጠችኝ። ከገደለችኝም በልጅ እጅ መሞት ነው፤ ትምጣ።»

«እየመጣች ምን እንደምታደርግ አታውቁም እኮ! ያን የገዛኸኝን ጌም ይዛ አንገት ስትመታ ነው የምትውለው። ከቀኝ ሞክራ፣ ከግራ ሞክራ። ዱላው ደግሞ ከየት በኩል እንደመታህ ያውቃል።»

የሽማግሌው ጉርሻ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። «እንዴት አድርጎ ያውቃል?»

«እንጃ፤ ውስጡ የሚቆጥር ነገር አለ። እጅህ በመጣበት ነው የሚያርፈው።»

አቶ አያሌው ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሱት። እናቱም ወጥ መጨመሩን ትታ ባሏን አየች። «ዝጋው ያን ነገር» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ጠጠር ብሎ። «ነገ ሳይደርስ አንሣው። ለገዛኸኝም ይመለስለት።»

ጌታሁን አባቱ በመጨረሻ አደጋው የታያቸው መሰለው። ደስ አይበለው እንጂ ቀለል አለው።

በገበያው ቀን በላይነሽ ስትመጣ ዱላው ከቴሌቪዥኑ ሥር አልነበረም፤ ከባንኮኒው ውስጥ፣ ከአሮጌ ዲስኮች በታች ነው። ጎረምሶቹን እሷን ሲያይ በሰበብ አስወጥቷቸው ነበር። አቶ አያሌው እንዲቀሩ ቢለመኑም ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ተበላሽቷል» አላት።

«አልተበላሸም፤ ደብቀኸዋል።»

«እንግዲያው ደብቄዋለሁ! ምን አባሽ ልታደርጊ ነው? ምን ፈልገሽ ነው ቤቴ የምትመላለሺው? ታርቀናል። አባቴ ድንጋይ ተሸክሟል። ያስተማረሽ፣ ያለበሰሽ ሰው ነው። ደጁ ላይ እንደ ውሻ እያለፍሽው ትገቢና ከውስጥ አንገት መቁረጥ ትለማመጃለሽ! አጎትሽ ልኮሽ ከሆነ ንገሪው፤ እኔም የሴት ልጅ አይደለሁም!»

በላይነሽ አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ዱላውን አምጣው። አንዴ ብቻ። ከዚያ አልመጣብህም።»

ለምን እንዳወጣው ጌታሁን እስከ ዛሬ አያውቀውም። ምናልባት «አልመጣብህም» ስላለችው ይሆናል። ማሽኑን አበራው፤ ብቸኛው ከዘበኛው ፊት ቆሞ ታየ።

«ጎብዬ በየገበያው ማታ የምሰፋው የጠብ ቁስል ነው» አለች። «የዱላ፣ የገጀራ። ስሰፋ ስሰፋ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፊት ለፊት የተመታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆስለው በግራው ነው፤ የሚመታው ሰው በቀኙ ነዋ የሚሰነዝር። አባቴን በቃሬዛ ሲያመጡት ልጅ ነበርኩ። ደሙን በነጠላ አፍኜ ይዤዋለሁ፤ በዚህ እጄ። ቁስሉ በቀኙ ነበር። ያ ትከሻው እኔን የሚያስቀምጥበት ነው፤ አልረሳውም። ሽማግሎቹ ማን ገደለ አሉ፣ ለምን ገደለ አሉ፣ ደሙ ስንት ይሁን አሉ። ከየት በኩል ተመታ ያለ ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም፤ ያ የባጃጁ ልጅ እስኪለኝ።»

ዱላውን በቀኝ እጇ ያዘች። በደረቷ አሻግራ፣ ባላት ኃይል ሁሉ የዘበኛውን ቀኝ አንገት መታች። ዘበኛው ሳቀ። ደገመች፤ ሳቀ። ከዚያ ዱላውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና በዚያው አንገቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ለቀቀችው። ዘበኛው ተገነደሰ።

«በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው እዚያ ጎን ቢያሳርፍ እንኳ ይጭራል እንጂ አጥንት አይሰብርም። የአባቴ ተሰብሯል» አለች። «አባትህ ሻይ በቀኛቸው ይጠጣሉ። ዱላቸውን በቀኛቸው ይይዛሉ። ስንት ሳምንት አየሁ፤ አንድ ቀን ግራቸው አልቀደመም። እሺ፣ አሁን አንተ ንገረኝ። ይኼ ሰይፍ በግራ እንዲያዝ ማን አደረገው?»

«ካምፓኒው ነው። አዲስ አሠራር ነው።»

«አይደለም። ሲጀመር ይጠይቅሃል ብሎኛል ነጅሙዲን፤ ሰሞኑን ሌላ ከተማ አይቶት። በየትኛው እጅህ ነው የምትይዘው ብሎ ይጠይቃል። የመለሰለት ሰው አለ።»

የጌታሁን ዓይን ወደ ማሽኑ ሄደ። ገዛኸኝ ነው የጀመረው። ገዛኸኝ ማሽላ ሲያጭድ ማጭዱን በግራው ይይዝ ነበር፤ በአጨዳ መስመር ከሰው ጋር ስለሚጋጭ ሁልጊዜ ዳር ላይ ነበር የሚያቆሙት። የገዛኸኝን ግራኝነት ጌታሁን ረስቶት አያውቅም፤ ከዚህ ነገር ጋር አገናኝቶት ግን አያውቅም። ለምን ያገናኘው? ገዛኸኝ ከጎርፉ በፊት ነው በጅቡቲ አድርጎ ወደ ጅዳ የሄደው። እናቱ ሁሌ ትለዋለች፤ ጎረቤት ሳይጠይቃት፣ ዘመድ ሳይጠይቃት፣ «ገዛኸኝማ ከጎርፉ በፊት ነው የሄደው» ትላለች። ያን ማለዳ ጌታሁን ሮቢት አያቱ ቤት ነበር። ሲመለስ አባቱ ታስረው፣ የወንድሙ መደብ ባዶ ሆኖ አገኘ። አንድ ቀን እንኳ ማንም ያልጠየቀውን ለምን ትመልሺያለሽ ብሎ አልጠየቃትም።

ባንኮኒውን ተደገፈ። ስንት ሳምንት ሙሉ ይህችን ልጅ ሲጠረጥር፣ የሚጠረጠረው የገዛ ቤቱ ነበር። «ልትናገሪ ነው?» አላት።  «በዕርቁ የቆመው ገዳዩ ካልሆነ ዕርቁ ይፈርሳል። አጎትሽ ይገድለዋል። በላይነሽ፣ ወንድሜን ይገድሉታል።»

«አውቃለሁ» አለች።

ዱላውን አስቀምጣለት ወጣች። ጌታሁን ተከተላት፤ ልይዛት ይሁን ልለምናት ሳያውቅ ተከተላት። አቶ አያሌው ወንበራቸው ላይ ናቸው። መንገዱ በገበያተኛ ሞልቷል፤ ግመል የሚነዳ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ፣ ባጃጅ ይጮሃል። በላይነሽ ሽማግሌው ፊት ስትቆም ገበያተኛው ሳይቀር ዞር ዞር እያለ አየ። ሁለቱንም ቤት የማያውቅ የለም።

ጎንበስ አለች። ያን ሁሉ ዓመት ያልነካችውን የአቶ አያሌውን ቀኝ እጅ ከዱላቸው ላይ አነሳችና ሳመችው።

ሽማግሌው እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ነጠቁ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማን ነገረሽ?» አሏት።

ጌታሁን እስከዚያች ቃል ድረስ ተስፋ ነበረው። ምናልባት ልጅቱ ተሳስታ ይሆናል፣ ምናልባት ቁስሉን በልጅነት አቅል ነው ያየችው እያለ ነበር። አባቱ ራሳቸው አበቁለት።

«ማንም አልነገረኝ። በእጄ ሞከርኩት» አለች በላይነሽ። እንባዋ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም። «ይህን ሁሉ ዘመን እህልዎን በላሁ፤ ቀሚስዎን ለበስኩ። ይህን እጅ ባየሁ ቁጥር ግን አባቴን የማየው ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደዚህ አደረጉኝ?»

«ልጅ ነበር» አሉ አቶ አያሌው ቀስ ብለው። «ጢሙ እንኳ ያልወጣ ልጅ ነበር፤ ተናዶ ነው። ዕድሜው ገና ነው ብዬ እኔ ቆምኩለት።»

«እኔም ልጅ ነበርኩ።»

 ዱላቸው ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም። በዕርቁ አደባባይ ያን ሁሉ ሰው ፊት ያላለቀሱት ሰውዬ ትከሻቸው ይነቀነቅ ጀመር።

«ለጥምቀት ይምጣ» አለች በላይነሽ። «አጎቴን እኔ እይዘዋለሁ፤ የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ። ዘወልዶቹንም የምጠራው እኔ ነኝ። አንቱ ግን ከእንግዲህ አትቁሙለት። ድንጋዩን ራሱ ይሸከም፤ እጁን ራሱ ይስጠኝ። ካልመጣ ግን እናገራለሁ።»

 አቶ አያሌው ወደ ጌታሁን ዞሩ። «ደውልለት» አሉ።

ጌታሁን ደወለ። የወንድሙ ድምፅ ከጅዳ እንደ ልማዱ ሞቅ ብሎ መጣ። «ሄሎ ጌቾ! ዱላው እንዴት ነው? ልጆቹ ወደዱት?»

ጌታሁን ስልኩን ለአባቱ ሰጠ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት።

«ገዛኸኝ» አሉ። «ዛሬ በላይነሽ እጄን ሳመችኝ።»

ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ ቆመ። ስልኩ አልተዘጋም፤ የሰው ትንፋሽ ይሰማበት ነበር። አቶ አያሌው ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው ለበላይነሽ ዘረጉላት፤ እሷም ተቀበለቻቸው።